ማቅ የለበሰው በግ

ልጅ ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ የምሕረት ፊልም ማስገባት የለበትም። የድብድብ ፊልም ይሻላል፤ ቢበዛ ትራስ ይቀደዳል፣ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ያልፋል። ምሕረት ግን… እናንተዬ፣ ምሕረት ቅበላን ያሳጣል! አጋነነ እንዳትሉኝ፣ የሚያወራችሁ የደረሰበት ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በነነዌ ጾም ነው። ባለቤቴ አስካለ «ልጅቷ የምንጾምበትን ምክንያት ትወቅ» ብላ ወጥራ ያዘችኝ። እኔም እዚሁ ሚዛን ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሞባይል ቤት ሄጄ፣ የዮናስን ታሪክ በካርቱን፣ ያውም በአማርኛ የተተረጎመውን፣ በፍላሽ አስጭኜ መጣሁ። ልጃችን ሕሊና ዐይኗን ሳትነቅል አየችው። የነነዌ ሰዎች ጥፋታቸው በዛ፣ ዮናስ ልትጠፉ ነው አላቸው፣ ንጉሡ ደንግጦ ማቅ ለበሰ፣ ሕዝቡም ለበሰ፣ ከብቱና በጉ ሳይቀር ለበሰ። ከዚያ ከተማው በሙሉ ምሕረት አገኘ። እኔም ጎበዝ አባት ነኝ እያልኩ ተኛሁ።

በነጋታው ግቢ ብወጣ፣ ለቅበላ ያሰርኩት የማጂ በግ የቡና ጆንያ ለብሶ ቆሟል። ልጄ ጆንያውን በእግሩ ልክ ቀድዳ አጥልቃለታለች፤ አናቱ ላይም የምድጃ አመድ ነስንሳበታለች። «ንስሐ ገብቷል» አለችኝ። ሳቅኩ። ሞኙ እኔ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያውን ባወልቅለት መልሳ ታለብሰዋለች።

ቅበላ ደረሰ። ቅበላ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ሥጋ በሕልም ነው። አማቴ አባባ ወልዴ ከሸዋ ቤንች በጠዋት መጡ። በአካባቢያቸው የተጣላን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ቢላዬን ስዬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ በጉ ስጠጋ ሕሊና ከመሃል ገባች።

«አባዬ፣ ማቅ የለበሰ ይታረዳል እንዴ?»

«ይሄ ማቅ አይደለም፣ ጆንያ ነው» አልኳት።

አባባ ወልዴ ክርክር ሲሰሙ አያስችላቸውም። ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና የበጉ ጥፋት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ምንም አልኩ። ሕሊና ቀበል አድርጋ፣ ፊልሙ ላይ ያሉት እንኳን አጥፍተው ይቅር ተብለዋል አለቻቸው። እሳቸውም ፊልሙን ሳላይ አልፈርድም ብለው ሳሎን ገቡ። እኔ ቢላ ይዤ፣ በጉ ጆንያ ለብሶ፣ ደጅ ተፋጥጠን ጠበቅናቸው። ሲወጡ በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ልጄ፣ ቢላህን መልስ» አሉኝ።

አማት ከተናገረ በኋላ ምን ይባላል? እንቁላል ተጠበሰ፤ ደግነቱ ዶሮዎቻችን ፊልሙን አላዩም። አባባ ወልዴ እየመረቁ በሉ። እኔ ግን በጣም ተናደድኩ። ቅቅሉን፣ ጥብሱን፣ ዱለቱን በሐሳቤ ስበላ ነው የከረምኩት እኮ! ተነሥቼ ወጣሁና፣ ጓሮ አጥሩ ላይ በወጣው የዱባ ሐረግ ጥላ ሥር ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ።

ሕሊና ተከትላኝ መጣች። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ታጠናኝ ጀመር።

«ዮናስም እንዲህ ነው ያደረገው» አለች።

«ምን አደረገ?»

«ከተማው ይቅር ሲባል ተናደደ። ቅል ሥር ቁጭ ብሎ አኮረፈ። ከዚያ ትል መጥቶ ቅሉን በላበትና ፀሐይ መታው።»

በእኛ ግቢ ዱባ የሚበላ ትል እንደሌለ ነገርኳት፤ ያን ፍላሽም እንደምሰብረው። እያወራሁ ሳለ አናቴን ሞቅ አደረገኝ። ትንሽ ቆይቶ በራዬን አቃጠለኝ። ቀና ብል ቅጠል የሚባል የለም… አባባ ወልዴ ምሕረት ያገኘ አይታሰርም ብለው ፈትተውት ኖሮ፣ በግዬው ከነጆንያው አጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የመጨረሻዋን ሐረግ ያላምጣል።

ሕሊና በጉን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ፊልሙ ላይ ግን» አለች፣ «ትሉ ትንሽዬ ነበር።»