ከመኪና የማይወርድ አስጎብኚ

ከመኪና ሳያስወርድ አገር የሚያስጎበኝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጓደኛዬ ከማል እንደዛ ነው። ለጥየቃ ከወሎ የመጡት እናቱ ነገ ሊመለሱ ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ከምንኖርባት ከሳን ሆዜ ተነስተን ባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ወሰደን። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

"ሙዚየሙ ያው! ቲያትር ቤቱ ያው! ባሕሩም ያው!" እያለ ይነዳል።

"ልጄ፣ እስቲ እግሬን ውሃው ውስጥ ላድርግ" አሉት።

"ፓርኪንግ የለም እማ፤ ከዚሁ ይዩት።"

ምን ዓይነት ሰው ነው? የወለደችው ፓርኪንግ ናት እንዴ?

ቀይ መብራት ሲይዘን እማማ በሩን ከፍተው ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ከማል "እማ፣ ይግቡ!" እያለ ሲጮህ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላው ጡሩምባ ሲያስጨንቀው ነድቶ ሄደ።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ እማማ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ቆሙ።

"ሂድ፣ ልጄን ጥራልኝ" አሉኝ። "ከመጣሁ አንድ ቀን አብረን ቆመን አናውቅም።"