ድርቆሹ ሳይከመር

መሬቱና ሰማዩ የሰውን ኑሮ የሚያዙበት ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። ነፋሱ ጣሪያ ይነቅላል፣ ወንዙ ድልድይ ይወስዳል፤ ዓመቱን ሙሉ ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤታሞች በዚያች ክፉ ቀን አንድ ገመድ ይዘው ይጎትታሉ። እናንተም አንብባችሁ ይሆናል። እኔ የማነበው ሱሉልታ በተከራየኋት ቤት፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ነው። ደራሲው ስለ ብርዱ ብዙ መድከም የለበትም፤ በበሩ ሥር ይገባልኛል።

አከራዬ ኦቦ ገመቹ ላም አርቢ ናቸው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳቸው ሲደርቅ ሣሩ ይታጨዳል፤ ላሞቹ በጋውን የሚዘልቁት በዚያ ድርቆሽ ነው። ታጭዶ ሳይከመር ደመና ከመጣ ማንም ማንንም አይጠራም። ደመናውን ያየ ሁሉ ድርቆሽ ማንሻውን፣ ባለ ሹል ጣቱን መንሹን ይዞ ይወጣል። የአገሩ ደንብ ነው።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተነሳበት ኅዳር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መንገዱ ተዘግቶ ከሥራ ቀርቼ ስለነበር፣ እኔም መንሽ ተቀብዬ ከኦቦ ገመቹና ከባለቤታቸው ጋር መከመር ጀመርኩ። ብዙም ሳንቆይ ጎረቤቶቻችን መንሻቸውን ይዘው ከየአቅጣጫው ብቅ አሉ። ደስ አለኝ። ያነበብኩት ሁሉ እውነት ሊሆን ነው ብዬ ወገቤን ጠበቅ አደረግሁ።

ኦቦ ገመቹ ግን መንሻቸውን ጥለው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ወደ ሰዎቹ ሮጡ።

«ደቢኣ! ተመለሱ፣ ግድ የለም፣ ተመለሱ!»

ሰዎቹ ቆሙ። ደመናውን አዩ፣ ድርቆሹን አዩ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«ምነው ኦቦ? ሊያግዙን እኮ ነው የመጡት» አልኳቸው።

«መች ጠፋኝ ልጄ።» በአገጫቸው አስፋልቱን አሳዩኝ፤ ወታደሮች የጫነ መኪና ቆሟል። «ይሄ ሁሉ ሰው መንሽ ይዞ ሲሰበሰብ፣ እዚያ ሆኖ ለሚያየው ምን ይመስለዋል? የጎረቤት ልጅ የቀበርነው ትናንት ነው።»

ሦስታችን የቻልነውን ያህል ከመርን። የቀረውን ዝናቡ አገኘው።

ድርቆሹ በሰበሰ። ጥር ላይ ኦቦ ገመቹ መኖ ያጡትን ላሞች ሊሸጡ ወደ ጫንጮ ሲነዱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያግዛቸው እንደገና ወጣ። እሳቸው ሁለት ሰው ብቻ አስከትለው ሄዱ። የቀረነው በየደጃችን፣ ተራርቀን ቆመን ሸኘናቸው።