የአው ዑበይድ ኮፊያና የሙዚየሙ ጽጌረዳ

ጀጎል ውስጥ ያልጠየቃችሁት ሰው ሳይመክራችሁ አንድ መታጠፊያ አታልፉም። ጥርስ ቢያማችሁ፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣ ልጅ ትምህርት ቢጠላ፣ "መድኃኒቱማ አለ" የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በአሮጌው ሙዚየም ሰፈር ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክቡር አው ዑበይድ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ፀሐይ ያቃጠለው ፈረንጅ እሳቸውን አግኝቶ ፊቱን እርጎ ተቀብቶ ሲወጣ ታይቷል።

ሙዚየሙን የምታጸዳው ፈርዶሳ ግን በዚያ ሰሞን ምክር የምትሰማበት ልብ አልነበራትም። በተከደነው ግቢ ውስጥ፣ በትልቁ ሸክላ የበቀለውን ጽጌረዳ ክሽክሽ ወርሮታል። ቅጠሉ ሥር አረንጓዴ ነፍሳት እንደ ጤፍ ተለጥፈው ይመጥጡታል።

"ይሄ ተክል ይውጣ" አለች ኃላፊዋ ኑሀ። "የሚንጠባጠበው ሙጫ የድሮዎቹ ልብሶች ሳጥን ላይ እየወረደ ነው። መርዝ እንዳልረጭ ጨርቁ ይበላሽብኛል። እስከ ጁምዓ ካልዳነ ይጣላል።"

ጽጌረዳውን የተከለችው የፈርዶሳ እናት ናት፤ እዚሁ ስትሠራ። ከሞተች ወዲህ ከእጇ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ፈርዶሳ ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው "እሺ" የሚል ቃል ነው።

"የእናትሽ አይደለም እንዴ?" አሉ ከበሩ አው ዑበይድ። "መድኃኒቱማ አለ። የሚበላው ነው የሚያስፈልገው።"

በማግስቱ የሚበላውን ይዘው መጡ። እስስት ናት። ሰው ሁሉ የሚሸሻትን እስስት፣ በፌስታል።

እስስቷ ክሽክሹን ዞር ብላም አላየችው። ከሸክላው ወርዳ ለእንግዳ ወደሚታየው የአደሬ ባህላዊ ቤት ገባች፤ በቀለማት የተሰፉት ስፌቶች እስከ ጣሪያ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ። እዚያ ውስጥ እስስት መፈለግ ምን እንደሆነ አስቡት። አስጎብኚው ለእንግዶች አንዱን ስፌት ሲያሳይ ስፌቱ ዓይኑን አዞረ። እንግዶቹ በር ላይ ያወለቁትን ጫማ ትተው መንገድ ላይ ተገኙ።

"አው ዑበይድ፣ አላህ ይስጥዎት፣ በቃ ይተዉን" አለች ኑሀ።

"እሷ ጠግባ ነው እንጂ መድኃኒቱስ ልክ ነው" አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ያለ ኮፊያ መጡ። እሳቸውን ራሳቸውን ገልጠው ያየ ሰው ጀጎል ውስጥ የለም። በየመታጠፊያው "ማን ሞተ?" ተብለዋል። ኮፊያቸውን አፉን አጥፈው፣ እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ሲከፍቱት ጀርባቸው ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎች ይርመሰመሳሉ።

ኑሀ ልትቆጣ መጥታ ቆመች። "እነዚህንማ ስልጠና ላይ ነግረውናል። ሌላ አገር ሙዚየም ውስጥ ይለቋቸዋል፤ ክሽክሽ ይበላሉ። ከየት እንደሚገኙ ነው ያልነገሩን።"

"ከሶፊ፣ ከገጠር" አሉ። "ከእህቴ ልጅ ጎመን። ፌስታል ውስጥ ይታፈናሉ ብዬ ነው።"

ኑሀ ራሷ የልብሶቹን ክፍል በሻሽ ጋረደች፤ ለጽጌረዳውም እስከሚቀጥለው ጁምዓ ቀን ጨመረችለት። ፈርዶሳ ጥንዚዛዎቹን በላባ እያነሳች ቅጠሉ ላይ አስቀመጠች። ወዲያው መብላት ጀመሩ። አው ዑበይድ ነደባው ላይ፣ ከፍ ካለው መደብ ተቀምጠው፣ እንደ ሠርግ አስተናባሪ፣ "አንቺ፣ ወደዚያ ነው፣ እዚያ ብዙ አለ" እያሉ ለጥንዚዛም ይመክራሉ።

ቀጠሮው ሲደርስ ቅጠሉ ጸድቷል። ሙጫው ቆሟል። ጽጌረዳው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ፈርዶሳ ማመስገን ፈለገች። ቃሉን ቤቷ ስታዘጋጅ አድራለች፤ ፊታቸው ስትቆም ጠፋባት። ጥንዚዛዎቹ ኮፊያው ላይ ቢጫ ነገር ለቀውበት አየች።

"ይስጡኝ፣ ልጠበው" አለች።

"በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው። በቀዝቃዛ፣ ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ ጥላ ላይ ነው የሚሰጣው።"

ፈርዶሳ ኮፊያ ስታጥብ ነው ያደገችው። በቀዝቃዛ አጠበችው፣ ሎሚ አሸችበት፣ ጥላ ላይ አሰጣችው። ቢጫው ንቅንቅ አላለም።

አው ዑበይድ ኮፊያውን አደረጉ። ቢጫው ከግንባራቸው በላይ ከሩቅ ይታያል።

"አላልኩሽም?" አሉ።

"ብለውኛል" አለች ፈርዶሳ። "አንድም እድፍ አልቀረበት፣ አባቴ።"