የእህቴን ወሬ ፍለጋ ቡና ቤት ገባሁ

ሰው ፈሪነቱን የሚያውቀው ጅብ ሲያይ ነው ያለው ማነው? ጅብ ሲመጣማ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ነገሩ ያልቃል። ዋናው ፍርሃት ሁሉም ሰው የሚገባበት በር ፊት ቆሞ እግር እምቢ ሲል ነው። እኔን ያስፈራኝ በር የመካነ ሰላሟ የእትዬ ብርቄ ቡና ቤት በር ነበር።

ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ቤት «ቡና ቤት» የሚለው ቃል ራሱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚነገረው። ዘመኑ ደግሞ ንጉሡ ከዙፋናቸው የወረዱበት ሰሞን ነው። አገር ሙሉ ሥርዓት ሲገለብጥ እኔ አንዲት ደፍ መሻገር አቅቶኝ ስንገላታ አስቡኝ!

ልግባ ያልኩት ቢራ አምሮኝ አልነበረም። ታላቅ እህቴ የሺ ቆቦ በኩል ነበር የተዳረችው። ድርቁ ያንን አገር ከመታው ወዲህ ወሬዋ ጠፋ፤ ደብዳቤ ብጽፍ መልስ የለም። ከደሴ ጨው የሚያመጡት ሹፌር ጋሽ ሰይድ ግን በየመጠለያው ያገኟቸውን የአገራችንን ሰዎች ወሬ ይዘው ይመጣሉ ተባለ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከመኪናቸው ሲወርዱ የሚውሉት እትዬ ብርቄ ዘንድ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

አንድ ቅዳሜ መኪናቸው ጠዋት መግባቱን ሰማሁ። ድፍረት ሳጠራቅም ከሰዓት ሆነ። ቤቱን ሦስት ጊዜ አለፍኩት። በአራተኛው የየሺ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝና ገባሁ።

ገባሁ ልበል እንጂ፣ እግሬ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ብሎ የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ስለሆነ ደፉ ላይ ጫማዬን አውልቄያለሁ! ሬዲዮው የወታደር ማርሽ ያሰማል፤ ቤቱ በሙሉ የተቀደደ ካልሲዬን ያያል። እትዬ ብርቄ አልሳቁብኝም። «የኔ ልጅ፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው፤ ይበርድሃል» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ዛሬ እሳቸውም ቤታቸውም የሉም፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ያ ድምፅ ይሰማኛል።

ስፈራው የኖርኩት የሰካራም ጉባኤስ? ሦስት ነጋዴዎችና አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲጋራቸውን እያጨሱ የሬዲዮ ዜና ይጠብቃሉ። ጋሽ ሰይድማ የያዙት ሻይ ነው!

ስለ የሺ ጠየቅኳቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አብሽር መምህር! ወላሂ በዓይኔ አይቻታለሁ። ደሴ መጠለያ ናት፣ ልጇን አቅፋ። በሚቀጥለው ጉዞ ጋቢና አስቀምጬ አመጣታለሁ።»

«ባሏስ?» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባኝ። ለእኔም ሻይ አዘዙልኝ፤ የመጀመሪያ የቡና ቤት መጠጤን እንባዬን እየጠረግሁ ጠጣሁት።

ቤት እስክደርስ ውሸቴን አሰናዳሁ። አባቴ ደጅ ቆመው ነበር። ዜናውን ብነግራቸው ለካ ሰምተዋል! ከየት ብላቸው፣ ወደ ሰማይ እያዩ ከደብሩ አሉኝ። ጋቢያቸው ግን ልክ እንደ እኔ ኮት ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። አንተስ ሲሉኝ፣ ከትምህርት ቤት አልኩ። ቅዳሜ መሆኑን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ውስጥ እናቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ለየሺ መኝታ ታነጥፋለች። እሷም ሰምታለች! አባቴ ኮስተር ብለው ከየት እንደሰማች ጠየቋት።

«ከቡና ቤት ነዋ!» አለች ቀና ሳትል። «ሹፌሩ የሚውለው እዚያ፤ ሌላ የት ሄጄ ልጠይቅ?»