ነፋስ የማስከፈት ወጪ

በዚህ አገር በነጻ የሚገኝ ነገር የለም፤ ነፋስም ጭምር። እኔን አንድ አዲስ ብርድ ልብስና አንድ አይሱዙ ጭድ አስወጥቶኛል። ስቃችሁ ከጨረሳችሁ ልቀጥል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ባለፈው መኸር፣ አንኮበር አጠገብ የሚያርሱት አማቴ ደወሉልኝ። ገብሳቸው ተወቅቶ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ፍሬውን ከገለባው የሚለይ ነፋስ ግን ጠፋ። ሰማዩ ደግሞ ደመና መቋጠር ጀምሯል። ዝናብ ከቀደመ የዓመት ቀለባቸው እዚያው አውድማው ላይ ይበቅላል።

ስደርስ መንሻቸውን ተደግፈው ማዶ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ያያሉ። ክንፎቹ ቀጥ ብለዋል።

«አየህ፣ ዘግተውታል» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«ነፋሱን ነዋ። እነሱ ሲዞሩ ይነፍሳል፣ ሲቆሙ ይቆማል። ዓይን የለህም?»

ማስረጃው ጠንካራ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ማራገቢያ የሚገዛ ስለሌለ ስለ ዕቃው ብዙ አላውቅም፤ አዳማ ሆቴል ያየሁት ግን ማብሪያውን ሲጫኑት ይነፍሳል።

«አስከፍተዋለሁ» አልኩ። አማት ፊት መቼም አፍ ይቀድማል...

ኮረብታው ላይ ወጥቼ፣ በር ላይ ዘበኛውን ይዤ የመጣሁትን አዲስ ብርድ ልብስ አልብሼ ገባሁ። የሥራ ልብስ የለበሰች ወጣት ቴክኒሻን አገኘሁ።

«እህቴ፣ እስከ ማታ ብቻ ክፈቺልን። ፊቱን ወደ አውድማው ብታዞሪልን ደግሞ...»

«ጋሼ፣ እኛ ነፋስ ተቀባይ ነን እንጂ ሰጪ አይደለንም። ነፋሱ ክንፉን ይገፋል፣ ክንፉ ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ጄኔሬተሩን፤ መብራት የሚወጣው ከዚያ ነው። ነፋስ ሲጠፋ እኛም እንደናንተ ቁጭ ነው።»

«ታዲያ ከፋቹ ማነው?»

«ካገኙት ለእኛም ይንገሩልን።»

ብርድ ልብሱን ለማስመለስ ዘበኛውን ፈለግሁ፤ ተከናንቦ ተኝቷል። አፍሬ ስወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ባርኔጣዬ በረረ። ዞር ብል ክንፎቹ ይሽከረከራሉ።

አውድማው ላይ አማቴ ገብሱን ሽቅብ ይበትናሉ፤ ገለባው ወደ ገደሉ፣ ፍሬው እግራቸው ሥር። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል።

«አማች እንዲህ ነው። ተባረክ ልጄ!»

እውነቱን ልናገር አፌን ብከፍት ገለባ ሞላው፤ ዘጋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዕዳ ግን ይገባል፤ ይኸን ማንም አልነገረኝም።

ገብሱ ዝናቡን ቀድሞ ጎተራ ገባ። ነፋሱ ግን አልቆመም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጎረቤት ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

«የጭድ ክምሬን ገደል ከቶታል። ነፋሱን ያስከፈተ ይካሰኝ።»

አማቴን አየሁ፤ ያድኑኝ ይሆናል ብዬ። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ይክሳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ መዝጋቱን ረስቶ ነው» አሉ።

ብርድ ልብስ፣ ወጪ። ጭድ፣ ወጪ። ገብስ፣ ገቢ፤ እሱም የአማቴ። ሒሳቡ ተዘግቷል። ነፋሱ አልተዘጋም።