ዶሮውን ማን ሳለው?

የአገራችን ባለሙያ ስለ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያወቅሁት፣ የሠዓሊዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ትዝታ በድምፅ መቅረጽ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። እናንተዬ፣ ሰው እንዴት ይሸሻል! አሁን «ይህን ሰፈር ያሳመርኩት እኔ ነኝ» ሲል የነበረው ሰው፣ የመቅረጫዋ ቀይ መብራት ስትበራ «እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ?» ይልና ስለ ሌላ ሰው ማውራት ይጀምራል።

ጋሽ ከድርና ጋሽ በላይ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ የቡና ቤትና የሆቴል ታፔላ ሲስሉ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ያለያያቸው አንድ አውራ ዶሮ ነው። የሚበላ እንዳይመስላችሁ፤ የተሳለ ነው። ቡና ቤት በር ላይ ተሰቅሎ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። አንዱ «የሳልኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ሌላውም «እኔ ነኝ» አለ፤ በዚያው ተኮራረፉ። ቡና ቤቱ ፈረሰ፣ ታፔላውም የገባበት ጠፋ፤ ኩርፊያው ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ከድር ወሎ ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ጋሽ በላይ እዚያው ካዛንቺስ ቀሩ።

እኔ ደግሞ ነገር መጎርጎር እወዳለሁ። መጀመሪያ ጋሽ በላይ ዘንድ ሄጄ መቅረጫዬን ከፈትኩ። ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና፦

«ዶሮውን የሳለው ከድር ነው» አሉ። «የኔ ሥራ፣ ማለቴ፣ ለሱ ቀለም መበጥበጥ ነበር። በቃ።»

ነገሩ አለቀ ብዬ ወሎ ሰፈር ወረድኩ። ጋሽ ከድር መቅረጫዋን ሲያዩ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«በላይ ነዋ! የዚያን ዶሮ ላባ እንደሱ አድርጎ ማን ይስለዋል?»

ጋሽ በላይ ስወጣ «ያልኩህን እንዳትነግረው» ብለውኝ ነበር። ቅጂውን ለጋሽ ከድር እንዳላሰማቸው ግን አላሉም። አሰማኋቸው። ጋሽ ከድር አቀርቅረው ሰሙና «ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ውሸታም!» አሉ በመጨረሻ። «ዕድሜ ልኩን ቀለም በጥብጦ አያውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምበጠብጥለት። ጃኬቴን አቀብለኝ እስቲ።»

«ወዴት ነው፣ ጋሽ ከድር?»

«ካዛንቺስ ነዋ! እንዲህ ያለ ውሸት ተቀርጾ ዝም ይባላል እንዴ?»

ይኸው አሁን በየቅዳሜው አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «አንተ ነህ»፣ «የለም፣ አንተ ነህ» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን ዶሮውን ማን እንደሳለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መቅረጫዬን አጥፍቼ ብጠይቃቸው እውነቱ ይወጣ ይሆናል። ካጠፋሁት ግን ሁለቱም «እኔ ነኝ» እንዳይሉ ፈራሁ። ስለዚህ ባትሪ እየቀየርኩ እቀርጻለሁ።