በሰው ጎመን መሃል

ጎመን ፎቶ ላይ ያምራል። ይህን የማውቀው ፎቶ አንሺ ሆኜ አይደለም። የግብርና መሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ፣ ከበሩ እንደገባችሁ በስተቀኝ፣ ለዓመታት የተሰቀለ አንድ ፎቶ አለ። አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ ጎመን ውስጥ ቆሞ፣ መኮትኮቻ ይዞ ፈገግ ብሏል። መኮትኮቻውን የያዘው በግልባጩ ነው። ሰውዬው አብሮኝ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ አብሮኝ ቆቦ የተመደበ ነው። ጎመኑ ግን የኔ ነው።

መሬቱም ዘሩም የመንግሥት አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነው። ውሃውን በጀሪካን ያመላለሰው ትከሻ ግን የመንግሥት አልነበረም። እንግዶች ከላይ የመጡ ዕለት እኔ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። እሱ ጫማውን እንዳስጠረገ ከቢሮ ደረሰ። የማን ሥራ ነው ብለው ሲጠይቁት "የኛ" አለ አሉ። "የኛ" ክፉ ቃል አይደለም። ክፉው ነገር የትምህርት ዕድሉ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄደ፣ እኔ ከነጀሪካኔ ቀረሁ። የመሥሪያ ቤታችን ሕግ የገባኝ ያኔ ነው። የጎመን ባለቤት የተከለው ሳይሆን፣ መሃሉ ቆሞ ፎቶ የተነሳው ነው።

ያ ሰው ዛሬ ትልቅ ኃላፊ ነው። እኔ ባለፎቶው እለዋለሁ። በሆዴ ነው የምለው። ያልተማረ ሰው ተጣልቶ፣ ተሰዳድቦ፣ በሽማግሌ ይታረቃል። የተማረ ሰው ግን ቂሙን ፋይል ከፍቶ ያስቀምጣል። የኔ ፋይል ወፍራም ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከቆቦ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የገበሬ ማሠልጠኛ አለች፤ እዚያ ለሴቶች የጓሮ አትክልት አስተምራለሁ። ሰዉ ስሜን ትቶ "ልማት" ይለኛል። ልማት መጣ፣ ልማትን አመመው፣ ልማት ባጃጅ አመለጠው። ለምጃለሁ።

ጎመን ማስተማር ቀላል ይመስላችኋል? አገሩ ሁሉ መስከረም ሲጠባ "ጎመን ምንቸት ውጣ፣ ገንፎ ምንቸት ግባ" እያለ የሚያባርረውን ነገር እኔ በጥር ወደ ጓሮው ላስገባ ነው የምታገለው። መጀመሪያ ሰሞን አያ ይመር፣ ማሠልጠኛዋ አጥር ጥግ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ጎመን የክፉ ቀን ምግብ ነው አሉኝ። ማሽላችንን ብታሳምርልን ይሻልሃል፤ ጎመን የሚያበላ ልማት አይተን አናውቅም አሉ። እሺ፣ "ጎመን በጤና" ይባል የለም ወይ አልኳቸው። ጤናው አለን፣ አንተ ጎመኑን ጨመርክብን እንጂ አሉ።

ሚስታቸው እቴ ዘይነባ ግን አፈር ስታይ እጇ አያርፍም። እሷ ገባች፣ ጎረቤቷ እቴ አስካለ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ያስተማርኳቸው ነገር እንዲህ ነው። በራያ ሙቀት የአትክልት መደብ ከፍ አይደረግም፤ ጎድጎድ ይደረጋል፣ ውሃው እንዲተኛበት። ከብት በልቶ ያስተረፈው የማሽላ አገዳ ከላይ ይለበስበታል፣ ፀሐይ አፈሩን እንዳታየው። የእጅና የዕቃ እጣቢ አይደፋም፣ ወደ መደቡ ነው። በቃ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል ወይ ካላችሁኝ፣ እሱን ጥያቄ ለራሴም አላነሳውም።

እናላችሁ ጎመኑ ያዘ። ያዘ ስላችሁ እንደ ዋዛ እንዳታልፉት። ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አከለ። ጠዋት ጠዋት ሳየው ልቤ ይዘላል፤ ትልቅ ሰው ጎመን አይቶ ይዘላል እንዳልባል ዙሪያዬን እያየሁ ነው የምዘለው። መንደሩም ተለወጠ። ድሮ እጣቢ መንገድ ላይ የሚደፋበት ሰፈር አሁን ሴቶቹ "እጣቢሽን አታባክኚ" እየተባባሉ ይቆጣጠራሉ። አያ ይመር ራሳቸው ውዱእ የሚያደርጉት ከጎመኑ ራስጌ ቆመው ሆነ። ለመሆኑ አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ጎመኑ ሊደርቅበት ይችላል? ክርስቲያኖቹ ቀኑባቸው። እቴ አስካለ፣ እኛም ፊታችንን ደጋግመን መታጠብ አለብን ብላ መንደሩን አሳቀች።

ማሠልጠኛዋ ውስጥ ሁለት መደብ ጎን ለጎን አሠራሁ። አንዱ እንደ ዱሮው ዘሩ ተበትኖ የበቀለ፣ ቀጫጫ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል። ሌላው የኛ። በየፊታቸው ሰሌዳ ተከልኩ። በአንዱ "ያልተሻሻለው አሠራር"፣ በሌላው "የተሻሻለው አሠራር" ይላል። ከመቶ መስማት አንድ ማየት ይበልጣል አይደል የሚባለው? የገበሬ ትምህርት ሁሉ የቆመው በዚህ ተረት ላይ ነው።

ከዚያ ወሬው መጣ። የመስክ ቀን፣ ሥራችን ለእንግዳ የሚታይበት ቀን፣ ሊደረግ ነው። መንገዱም ሰላም ነው፣ ከሮቢትና ከጎብዬ ሴቶች በመኪና ይመጣሉ። ሥራው ከተወደደ በነሱም ቀበሌ ይቀጥላል። ዋናው እንግዳስ ማን ይሁን? ባለፎቶው።

ያን ሰሞን መሬት አልረገጥኩም ብላችሁ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት። ያ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጎመኔ ዳር ይቁም። የማን ሥራ ነው ብሎ ይጠይቅ። ሴቶቹም ባንድ አፍ "የልማት ነው" ይበሉት። ሹመት አልጠየቅሁ፣ ካሳ አልጠየቅሁ። እስኪ ይህ ይበዛል?

ቀኑ ደረሰ፤ ረቡዕ ነው። በጠዋት ሴቶቹን ሰብስቤ፣ እንግዶቹ ጎመኑን ሊያዩ ነው የሚመጡት፣ መንገዱን ጠራርጋችሁ ጠብቁን ብዬ እንግዶቹን ልቀበል ወደ ቆቦ ሄድኩ። ያለእኔ የተደረገውን ምክክር የሰማሁት በኋላ ነው። አሁኑኑ ልንገራችሁ።

እኔ ከዓይን ስሰወር እቴ ዘይነባ አሰበችበት። እንግዳ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዚያም አልፎ መጥቶ፣ ምግብ አይቶ፣ ጦሙን ሊሄድ ነው? ወግ ነው ይሄ? አያ ይመር ፍየል አርዳለሁ አሉ። እቴ አስካለ ሳቀች። አንቱ ካረዱት እኛ አንበላው፣ የኛ ሰው ካረደው እናንተ አትበሉት፣ እንግዳውን ሁለት ትሪ ላይ ልንከፍለው ነው ወይ አለች። ደግሞም ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ከዚያ እቴ ዘይነባ ወደ መደቡ ዞር ብላ፣ "ጎመን ማን ይባርከው አይባልም" አለች።

ቢላዋ ወጣ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ከባለፎቶው ጋር መኪና ውስጥ ነኝ። ቅጠሉን ሲያዩ ይገረማሉ እያልኩት ነው። ደረስን። ወረደ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ከነአጀቡ ወደ መደቡ ሄደ። እኔ ከኋላ በኩራት። ከዚያ ሁሉም ቆሙ።

"የተሻሻለው አሠራር" ከሚለው ሰሌዳ በስተጀርባ ባዶ መሬት ተዘርግቷል። አገዳ፣ ጉቶ፣ ዝንብ። "ያልተሻሻለው አሠራር" ከሚለው በስተጀርባ ግን ይብዛም ይነስ አረንጓዴ ነገር ቆሟል። ባለፎቶው አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ። ወደኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ "ሰሌዳው በግልባጩ አልተተከለም?" አለኝ። መኮትኮቻ በግልባጩ የሚይዝ ሰው እኔን ጠየቀኝ።

እቴ ዘይነባን ወደ ጎን ሳብኳት። ጎመኑ የታለ? ድስት ውስጥ ነው አለች፣ ደስ ብሏት። ድምፄን ለማብረድ እየታገልኩ፣ "ከዚያኛው መደብ አትቆርጡም ነበር?" አልኳት። ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። "ልማት፣ ልጄ፣ ለእንግዳ ክፉውን?" አለች።

ማሠልጠኛዋ ግቢ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ትሪ በትሪ ላይ መጣ። የማሽላ እንጀራ፣ ጎመን በዘይት፣ ቃሪያ። ክር ያሰረውም ቆብ ያደረገውም ባንድ ትሪ ዙሪያ ሆነ። ባለፎቶው መጀመሪያ ለወጉ ያህል ጠቀስ አደረገ። ከዚያ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወረወረ። የኔን ጎመን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወስድ ቁጭ ብዬ አየሁት። ያሁኑን እንኳ በእጁ ነው።

ከዚያ ነው ነገሩ የተነሳው። አንዲት የሮቢት ሴት ጉርሻዋን ሳትጨርስ፣ ይሄ ጎመን ነው ወይስ ሌላ ነገር አለች። የኛ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ መራራ ነው፤ ይሄ ከየት መጣ? እቴ አስካለ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። ወደ ባዶው መደብ ወስዳ አገዳውን ገለጥ አድርጋ፣ "እጅሽን ክተቺ" አለቻት። በዚያ ቀትር፣ በዚያ ሐሩር፣ አፈሩ እርጥብ ነው። ሴትዮዋ ጓደኞቿን ተጣራች። የጎብዬዎቹም ተነሱ። ቅጠል ቆሞ ቢሆን ኖሮ አፈሩን ማን ያየው ነበር? ባዶው መደብ ዙሪያ ሕዝብ ተሰበሰበ። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሦስቱ ባንድ ጊዜ ይመልሳሉ። አያ ይመር ማሰሮ አስመጥተው ውዱእ እንዴት እንደሚያጠጣ እያሳዩ ነው። እኔ ላስረዳ ወዲያ እሮጣለሁ፣ ወዲህ እሮጣለሁ፣ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ልቤ ግን እንደ ከበሮ ነው። የመክፈቻ ንግግሩ ሳይጀመር ለመትከያ ያፈላሁት የጎመን ችግኝ ሁሉ ተነቅሎ በጎብዬ ሴቶች ነጠላ ታስሮ አለቀ።

ባለፎቶው ንግግር አደረገ። ይህ ሐሳብ ከብዙ ዓመታት በፊት በራሱ እጅ የተጀመረ መሆኑን አስታወሰ። ይህን ሲል ጥርሱ ላይ ጎመኔ ተለጥፏል። ማስረጃ አፉ ውስጥ ይዞ የሚክድ ሰው ያን ቀን አየሁ።

እቴ ዘይነባ ተነሳች። "አንቱን አውቄዎታለሁ። ምርጥ ዘር ልወስድ ቆቦ ቢሮ ስሄድ ግድግዳው ላይ ያሉት፣ ጎመን ውስጥ የቆሙት፣ አንቱ ነዎት አይደል?"

"አዎ፣ እናቴ" አለ፣ ደረቱ ነፋ ብሎ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ጎመን ለማን አበሉት?"

ባለፎቶው ወደ እንግዶቹ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ። እኔ አውቃለሁ። ያን ጎመን ፎቶው ከተነሳ በኋላ ፍየል ነው የጨረሰው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎመን ነበረኝ ብሎ ማን እንደበላው የማያውቅ ሰው በራያ ምን እንደሚባል ልንገራችሁ? ምንም አይባልም፤ ዝም ይባላል።

ባለፎቶው ወሬ ለመለወጥ፣ "ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን አስተማራችሁ?" አለ።

ስንት ዓመት የጠበቅኋት ጥያቄ። አገጬን ከፍ አደረግሁ። ሳል እንኳ አፍኛለሁ።

እቴ ዘይነባ እጇን አራገፈች። "ማን ያስተምረናል፣ ይኸው ሠርተን አበላናችሁ" አለች። ከዚያ እንደማሰብ ብላ ጨመረችበት። "ልማትም እዚሁ አካባቢ ነበር።"

ይኸው ነው። ዛሬ ጎብዬ ገበያ ብትሄዱ ያ ጎመን በእስር በእስር ሆኖ ይሸጣል። ስሙ "የዘይነባ ጎመን" ነው። ዋጃ ደርሷል ይላሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ተዘረፍኩ ማለት ነው። ይቺኛዋ ግን በየሳምንቱ ሳህን ሸፍና ትልክልኛለች፤ የፊተኛው እንኳን ሳህን ሰላምታም አልላከ። ፋይሉ ውስጥ የሷን ገጽ ላስገባ አስቤ፣ እጄ ቅባት ስለነበረ ተውኩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዚያን ዕለት ፎቶ መነሳት ነበረበት። ፎቶ አንሺው ባዶ መሬት ላይ እንዴት ላንሳዎት አለ። ቀለም ያስፈልጋል። ባለፎቶው ዙሪያውን ቃኝቶ አረንጓዴ ወዳለበት ገባ፣ ፈገግ አለ፣ ተነሳ። ፎቶው ታጥቦ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ከድሮው ጎን ተሰቀለ። ቢጫ ቢጫ በሚሉ ቀጫጫ ጎመኖች መሃል ቆሟል። ከደረቱ ዝቅ ብሎ፣ በኔ እጅ ጽሕፈት፣ በትልልቁ፣ "ያልተሻሻለው አሠራር" ይላል።

በቀደም ጸሐፊያችን ልብ አለችው። ደንግጣ ጠራችኝና፣ ሰሌዳዋን ቆርጠን እናስወጣት ይሆን አለችኝ።

ተይው አልኳት። የመሥሪያ ቤታችን ሕግ ግልጽ ነው፤ መሃሉ ቆሞ ፎቶ የተነሳው ነው ባለቤቱ። የሰውን ሥራ ከስሙ መለየት ምን ያህል እንደሚያም ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።